ለሆልምሮይድ ጅቦች ዋና ሥራ አስፈጻሚ፦ ስለ ተሰበረው ሰዓት

ለክቡር አቶ ጁሊያን ፔምብሪ
የሆልምሮይድ ጅቦች ራግቢ ሊግ ክለብ ዋና ሥራ አስፈጻሚ
(ቀድሞ የእርጎ ሽያጭ ኃላፊ)

ሆልምሮይድ፣ ግንቦት 5 ቀን 1997 (እ.ኤ.አ.)

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ አዲሱ መኪናዎ፣ እንዲሁም ከደቡብ አብሮዎት የመጣው ቀጭኑ ውሻዎ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። የከተማችን ዝናብ ያስጀመረዎት ሳል እንደተሻለዎት ከፋርማሲ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እኛም በእርስዎ አስተዳደር ሥር እስከተቻለ ድረስ አለን።

ጋቪን ባራክላፍ እባላለሁ። ዕድሜዬ አሥራ አምስት ነው፤ ተማሪ ነኝ። ደብዳቤዬን በከተማችን ጋዜጣ ላይ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እሰጋለሁ። ሆኖም ቀደም ሲል በፖስታ የላክኩልዎት ደብዳቤ ያመጣውን ነገር ሲያስታውሱ፣ በመካከላችን ጥቂት ሺህ ምስክር ቢኖር ለሁለታችንም እንደሚበጅ ይስማሙልኛል። ጉዳዮቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ እርስዎ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

አንደኛ፤ ስለ ሰዓቱ።

ወንድሜ ክሬግ በየካቲት ወር ማለዳ ወደ ልስን ሥራው ሲሄድ መኪናው በኮረብታው መንገድ በረዶ ላይ ተንሸራቶ ሞተ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። በአዘቦት ቀን ግድግዳ ይለስናል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ አሥራ ሦስት ቁጥር ለብሶ ለእርስዎ ክለብ ይጫወታል። ይህንንም ለአራት የውድድር ዘመን አድርጎታል። የምነግርዎ ሊያውቁት ይገባ ነበር ለማለት አይደለም፤ ከመልስዎ እንደተረዳሁት አዲስ ወሬ ስለሚሆንብዎ ነው።

ከቀብሩ በኋላ እናቴ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችኝና፣ «ለክሬግ የተሰበረ ሰዓት ይደረግለት ብለህ ጻፍ፤ በአክብሮት ጻፍ» አለችኝ። እኔም፣ እናታችን በሚቀጥለው የሜዳችን ጨዋታ ለወንድሜ ለክሬግ የተሰበረ ሰዓት እንዲደረግለት በትሕትና ትጠይቃለች ብዬ ጻፍኩ። መሞቱን አልጻፍኩም። ከተማው ሁሉ በዝናብ ቆሞ ቀብሮታልና፣ ደግሞ መጻፉ አንባቢውን መናቅ መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

መልስዎ በዘጠነኛው ቀን ደረሰን። «ውድ ደጋፊያችን፣ የተሰበረውን ሰዓት ስላሳወቁን ከልብ እናመሰግናለን። ከዋናው መቀመጫ በላይ የነበረው አሮጌ ሰዓት ተነሥቶ በኤሌክትሮኒክ ሰዓት ተተክቷል። ወንድምዎ ክሬግ ከእንግዲህ የጊዜ ችግር እንደማይገጥማቸው ልናረጋግጥልዎ እንወዳለን።» ይላል። ወንድሜ መጥቶ አዲሱን ሰዓት እንዲያይም በስሙ ሁለት የነጻ መግቢያ ትኬት ተያይዞ ነበር፤ አንዱ ለእሱ፣ አንዱ አብሮት ለሚመጣ ሰው።

እናቴ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ሳቅ አፈናትና የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ቀረች፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። «አብሮት የሚመጣ ሰው» እያለች ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ያ ሰዓት አልተሰበረም ነበር። ስልሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ደቂቃ ሳይዛነፍ የሠራ፣ በሆልምሮይድ ልቡናው ያልተናወጠ ብቸኛ አካል ነበር። አዲሱ በበኩሉ ትናንት ከቀትር በኋላ ሰማንያ ስምንት ሰዓት መሆኑን ሲያሳይ ዋለ። እናመሰግናለን።

የተሰበረ ሰዓት ምን እንደሆነ በእኛ ከተማ የአንደኛ ክፍል ሕፃን ያውቃል፤ ነገር ግን እርስዎ ከእርጎ ስለመጡ እነግርዎታለሁ። ከመቶ ሁለት ዓመት በፊት ራግቢ አንድ ብቻ ነበር፤ ሕጉንም የሚያወጡት የደቡብ ጌቶች ነበሩ። ጌቶቹ ቅዳሜ ሥራ የላቸውም፤ ሌላውም ቀን ያላቸው አይመስለኝም። የእኛ ቅድመ አያቶች ግን ሸማኔና የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ ስለነበሩ ቅዳሜም ይሠራሉ፤ ለጨዋታ ሲወጡ የወጡበት ሰዓት ከደመወዛቸው ይቆረጣል። ስለዚህ «ከሥራ ቀናችን ተሰብሮ የወጣውን ሰዓት ክለቦቻችን ይክፈሉን» አሉ። ጌቶቹም፣ ሳይከፈለው መጫወት የማይችል አይጫወት ብለው መለሱ። በዚህ ጊዜ ሃያ የሚያህሉ የሰሜን ክለቦች ሃደርስፊልድ በሚገኝ አንድ ሆቴል ተሰብስበው ተለዩ። የተሰበረ ሰዓት ዋጋ በቀን ቢበዛ ስድስት ሽልንግ ሆነ። ቆየት ብለውም፣ ተመልካች ማለቂያ በሌለው ግፊያ እንዳይሰለች ሲሉ ከአሥራ አምስቱ ተጫዋች ሁለት ቀንሰው አሥራ ሦስት አደረጉት። እንግዲህ የእኛ ጨዋታ የተወለደው ከገንዘብ ጠብ ነው፤ ትኬት ለመሸጥም ገና ከጥንቱ ተቀርጾ ተቀርጾ ነው ያደገው። ስለዚህ ክለቡን ነጋዴ አደረጉት ብዬ አልከስዎትም። ድሮም ነጋዴ ነበርን፤ የምንሸጠውን ግን እናውቅ ነበር።

በእኛ ክለብ ቃሉ ሌላ ትርጉምም አለው። ተጫዋች ሲሞት በቀጣዩ የሜዳችን ጨዋታ ቦታው ባዶ ይተዋል። ለሙሉ ጨዋታ አይደለም፤ ሞኞች አይደለንም። አንድ ቡድን ኳሱን ይዞ ስድስት ጊዜ መሬት ላይ እስኪጣል ድረስ ነው የሚጫወተው፤ ከዚያ ኳሱን ለሌላው ይሰጣል። ይህን «ስድስቱ» እንለዋለን። በመጀመሪያው ስድስት አሥራ ሁለት ሆነን እንቆማለን፤ ተጋጣሚውም፣ የመጣው ከየትም ይሁን፣ በዚያ ክፍት ቦታ አይሮጥም። ከዚያ በዕረፍቱ የትጥቅ ኃላፊው ስድስት አሮጌ ሽልንግ ለሟቹ ቤተሰብ ይሰጣል። ሳንቲሞቹ ዛሬ አንዲት ከረሜላ አይገዙም። ቤተሰቡ ሳምንት አስቀምጦ ይመልሳቸዋል፣ ለሚቀጥለው ሰው። ሰውየው ዛሬ ከሥራ የቀረው በምክንያት ነው፤ ሰዓቱንም ክለቡ ችሎለታል ማለታችን ነው። እናቴ የጠየቀችው ይህን ብቻ ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ጅቡ።

መቶ ዓመት «ሸማኔዎቹ» ስንባል ኖርን። ስሙ ያስፈራል አልልም፤ ሸማኔን አይቶ የሸሸ ሠራዊት አልተሰማም። እርስዎ በመጡ በሦስተኛው ወር ግን ባለ አርባ ገጽ ጥናት ተጠንቶ፣ በቋንቋችን በእንግሊዝኛ የከተማችን ስምና የጅብ ስም በአንድ ፊደል እንደሚጀምሩ ተረጋገጠ። እኛ ይህን ሳናውቅ አንድ ምዕተ ዓመት ማባከናችን ያሳፍራል።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ሰው ውስጡ ገብቶ በሜዳው ዳር የሚጨፍርበት የእኛው ጅብ ግን ቁርበት እንኳ አላስፈለገውም፤ ከከተማችን ምንጣፍ ፋብሪካ በተረፈ ቁራጭ ስለተሰፋ፣ ሲደክመው በራሱ ላይ መተኛት ይችላል። በሜዳው ጥግ ከሰባ ዓመት በላይ የቆሙት ወይዘሮ ዶሪስ ክሮውዘር ጅቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጨፍር አይተው ከንፈራቸውን መጠጡ። «ምስኪን ውሻ፣ ወገቡን ተሰብሯል መሰለኝ፤ ለሐኪም የሚያሳየው ሰው የለውም?» አሉ። እስካሁንም ለአካል ጉዳተኛ እንስሳት መርጃ የሚሰበሰብ መስሏቸው በጅቡ ኪስ ውስጥ ሳንቲም ይጨምራሉ። የተቀናቃኛችን የስካርዴል ደጋፊዎች ደግሞ አጥንት ይዘው መምጣት ጀምረዋል። እንዲህ ያለ የሕዝብ ተሳትፎ በሸማኔዎቹ ዘመን አልነበረም።

ሦስተኛ፤ ስለ ቁጥሩ።

በድሮው ሥርዓት ቁጥር ማለት ቦታ ነበር። አሥራ ሦስት ያለው ከግፊያው ኋላ የሚቆመው፣ ሌላው የተወውን ቀዳዳ ሮጦ የሚደፍነው ሰው ነው። የክሬግ ሥራ ይኼ ነበር፤ በአዘቦት ቀንም በልስን የሚሠራው ይህንኑ ነበር፤ ይህን ቀልድ እሱ ራሱ ብዙ ጊዜ ስለደጋገመው እቤታችን ማንም አይስቅበትም ነበር። አሁን ግን ቁጥር የሰው መጠሪያ እንጂ የቦታ መጠሪያ አይደለም፤ ሃያ ሰባትም ሠላሳ አንድም ይለበሳል፤ ማልያውም ከነስሙ ይሸጣል። መልካም። አሥራ ሦስት ቁጥር በየካቲት ባለቤት አጣ፤ ተጫዋቾቹም ነውር ነው ብለው አንነካም አሉ። እርስዎም፣ ዕቃ ሲባክን የማይወዱ ሰው ስለሆኑ፣ ለጅቡ ሰጡት።

አሁን ይህን ዓረፍተ ነገር ምን ብዬ እንደምጨርሰው ስለጨነቀኝ እናመሰግናለን ብዬ አልፈዋለሁ።

አራተኛ፤ ስለ በጋው።

ጨዋታችን የክረምት ነበር፤ ጭቃ፣ ብርድ፣ ትኩስ ሾርባ። የሳተላይት ቴሌቪዥኑ ሰዎች ገንዘባቸውን ይዘው ሲመጡ፣ በክረምት እግር ኳስ ስላላቸው በበጋ ተጫወቱልን አሉ፤ ሁሉም ክለቦች እሺ አሉ። በዚህ ላይ አቤቱታ ለማቅረብ አስቤ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ክሬግ በጋውን ወድዶት ነበር። ከደረቅ ሜዳ ጉልበቱ ተልጦ ሲመጣ ግድግዳ መሰልኩ ይላል እንጂ አያማርርም፤ አፍንጫው ላይ ነጭ የፀሐይ ቅባት ተቀብቶ ልብስ መልበሻ ክፍል ሲገባ ሁሉም የልስን ነጭ ቀለም መስሏቸው ይሳለቁበት ነበር። ስለዚህ አራተኛውን ትቼዋለሁ። ቁጥሩን ያስቀረሁት ጉድለት እንዳይመስል ነው፤ ጉድለት እንደማይወዱ አውቃለሁ።

አምስተኛ፤ ስለ ስብሰባው።

የሰዓቱ ነገር ስላልተግባባን፣ እናቴ፣ የትጥቅ ኃላፊው ኖርማን ሳይክስና እኔ በሚያዝያ ወር ቢሮዎ ድረስ መጣን። ኖርማን በክለቡ አርባ አንድ ዓመት ማልያ ያጠበ ሰው ነው፤ ስድስቱን ሳንቲሞች በትንባሆ ቆርቆሮ የሚይዘው እሱ ነው። እርስዎም በክብር ተቀበሉን፤ እርጎ ጋበዙን። የወንድሜን መሞት ሲሰሙ እጅግ አዘኑ፤ በእውነት አዝነዋል፣ አይቼዎታለሁ፤ ለጥቂት ጊዜም የእርጎዎን ማንኪያ እንኳ አላነሡም። ከዚያ ግን ችግሩን አስረዱን። ከስካርዴል ጋር የምናደርገው ጨዋታ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ የመጀመሪያው ስድስትም አስቀድሞ ለአንድ የአሳማ ሥጋ ፓይ ጋጋሪ ተሸጧል፤ ሰው መሬት ላይ በተጣለ ቁጥር አንድ ፓይ በስክሪኑ ጥግ ብቅ ይላል። በዚያ ሰዓት አንድ ሰው ጎድሎ መታየት አይችልም።

«ወይዘሮ ባራክላፍ፣ በቴሌቪዥን ባዶ ቦታ የሚባል ነገር የለም» አሉ፤ ድምፅዎ ደግ ነበር። «ባዶ ቦታ ማለት ያልተሸጠ ቦታ ማለት ነው።»

ከዚያም መፍትሔ አመጡ። ቡድኑ በአሥራ ሦስት ይጀምራል፤ የክሬግን ቦታ ከባሕር ማዶ የመጣው ሴሚሲ ይሸፍናል፤ በዚሁ ጊዜ ጅቡ አሥራ ሦስት ቁጥሩን ለብሶ ከግቡ ኋላ የመታሰቢያ ጭፈራ ያደርጋል።

እናቴም፣ «ዳንስ ይችላል?» አለች።

«በጣም።»

እናቴ ቦርሳዋን አንሥታ ተነሣች። ኖርማን ባርኔጣውን ቢሮዎ ውስጥ እንዳለ ደፋ፤ በአርባ አንድ ዓመት ከዚህ የከፋ ስድብ ሲሳደብ ያየው ሰው የለም። እርጎው ግን ጥሩ ነበር፤ የእንጆሪ ነበር መሰለኝ።

ስድስተኛ፤ ስለ ጫማ ክር።

ሴሚሲ የቶንጋ ሰው ነው፤ ያደገው ኒውዚላንድ። እርስዎ በቴሌቪዥኑ ገንዘብ ያስመጡት፣ ደረቱ የቁም ሣጥን የሚያህል፣ ከመጣ ገና ሁለት ወሩ የሆነ ሰው ነው። ክሬግን አያውቀውም። የጨዋታው ዕለት ኖርማን ልብስ መልበሻ ክፍል ገብቶ ማልያውን ሲሰጠው፣ ቦታው የማን እንደነበር፣ ቢሮ ውስጥም ምን እንደተባለ ነገረው፤ እኔ ውኃ ጠርሙሶቹን እየሞላሁ ነበር። ከዚያ ኖርማን፣ «ክለቡ አሥራ ሦስት ሰው ይግባ ብሏል፤ የገባ ሰው የጫማ ክር ቢፈታበት ግን ሕግ አይከለክልም» አለው።

ሴሚሲ ጫማዎቹን አየ። «የቱ እግር?» አለ።

«የፈለግኸው፣ ልጄ።»

የተከተለውን እርስዎ ከመስታወት ክፍልዎ ሆነው አይተዋል፤ ጋዜጣ አንባቢው ግን ቴሌቪዥን የሌለው ሊኖር ስለሚችል እጽፈዋለሁ። ፊሽካ ተነፋ፤ ኳሱን ስካርዴል ያዘ፤ ሴሚሲ ወደ ሜዳው መስመር ወጥቶ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከና የግራ ጫማውን ክር ፈታ። ከዚያ ማሰር ጀመረ። እንዲህ በጥንቃቄ የታሰረ ጫማ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። አንደኛው ፓይ ብቅ አለ። የክሬግ ቦታ እንደ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። የስካርዴል ሰዎች መቶ ዓመት ሲጠሉን የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ በዚያ በር የሮጠ ግን አንድም አልነበረም። ሦስተኛው ፓይ ላይ በክሬግ ትይዩ የሚጫወተው የስካርዴሉ ሰው፣ ክሬግ አፍንጫውን ሁለት ጊዜ የሰበረለት፣ ወዲያ ወዲህ አየና እሱም መስመሩ ጋ ሄዶ ተንበረከከ። የእሱ ጫማ ክር እንደሌለው፣ በማጣበቂያ እንደሚዘጋ፣ ቅርብ የነበርን ሁላችን አይተናል። አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት ሆነ። ሜዳው በሙሉ ጸጥ አለ፤ አጥንት የያዙትም አጥንታቸውን ይዘው ጸጥ አሉ።

የቴሌቪዥኑ ተንታኝ ሙቀት ሲበዛ የጫማ ክር እንደሚላላ፣ ይህም የበጋ ጨዋታ አንዱ አዲስ ስልት እንደሆነ ለአገሩ አስረዳ። ጅቡም አልጨፈረም። ውስጡ የነበረውን ልጅ አላውቀውም፤ ነገር ግን ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ የምንጣፍ ራሱን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ስድስተኛው ፓይ ብቅ ሲል ሴሚሲ ተነሣ፤ የሮጠውም ቀጥ ብሎ ወደዚያ ቦታ ነው።

በዕረፍቱ ኖርማን ቆርቆሮውን ከፍቶ ሳንቲሞቹን ለእናቴ ሰጣት። ምን እንዳላት ለእኔና ለእሷ ይቆይ።

እንግዲህ ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ክቡርነትዎ በማግስቱ ሴሚሲን ጠርተው፣ በጨዋታ ሰዓት ያለ አግባብ ጫማ በማሰር የአንድ ሳምንት ደመወዙን መቅጣትዎን ሰምተናል። እሱም ክሩ ረጅም ነበር ከማለት በቀር ምንም እንዳልመለሰ ሰምተናል። ክቡር ሆይ፣ አንድ ሠራተኛ በሌላ ሰው ምክንያት ከሥራው ለጥቂት ደቂቃ ስለወጣ ያን ሰዓት ከደመወዙ ቆረጡበት። ከመቶ ሁለት ዓመት በፊት ይህንኑ ያደረጉ ሰዎች ነበሩ፤ ጨዋታችን የጀመረው እነሱን ጥለን የወጣን ዕለት ነው። ሃደርስፊልድ ያለው ሆቴል ከእኛ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ነው፤ መንገዱን እናውቀዋለን።

ስለዚህ በትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ቅጣቱን ያንሡለት። ካላነሡም ግድ የለም። በዓሣ ጥብስ ቤቱ መስኮት ላይ የሴሚሲን ሰዓት ለመክፈል የተቀመጠው ባዶ የአቻር ማሰሮ ቅዳሜ ዕለት ሞልቶ ሁለተኛው ተጀምሯል፤ የመጀመሪያውን ሳንቲም የጣሉት ከስካርዴል የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ስማቸውንም ሳይናገሩ፣ ዓሣችን እንደ ተጫዋቾቻችን መድረቁን ብቻ ተናግረው ሄዱ።

ለሰጡን ሰዓት፣ ለጅቡ፣ ለእርጎውና ለስድስቱ ፓይ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ዕድሜና ጤና ሰጥቶዎት ሌላ ከተማ ለማስተዳደር እንዲበቁ ከልቤ እመኛለሁ።

የክብርዎ እጅግ ትሑትና ታዛዥ ተመልካች፣
ባለ አምስት ፓውንድ ወርኃዊ ደጋፊ ልሆን የነበርኩ፣
ጋቪን ባራክላፍ
የክሬግ ባራክላፍ ወንድም

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለቋንቋ መምህሬ ለወይዘሮ ሃርግሪቭስ እንደ ቤት ሥራ አስረክቤው ከአሥር ሰባት አገኘሁ። ሦስት ነጥብ የቀነሱብኝ፣ ደብዳቤው የሚደርሳቸው ሰው ምስጋናውን ሁሉ እውነት ብለው ግድግዳቸው ላይ ሊሰቅሉት ይችላሉ በሚል ስጋት ነው። ሦስቱን ነጥብ ለማስመለስ ግልጽ ላድርገው፤ ከላይ ላቀረብኩት ምስጋና አንዱም ከልቤ አልነበረም። ከልቤ የሆነው ይኸውና፤ ሴሚሲ፣ እናመሰግንሃለን። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ትተኛለች።